ሽሮፕ የመሰለው ጠርሙስ



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ዘይት፣ ቅባትና ማጽጃ አቀማመጥ ነው። «መኪና ለሌለን ለእኛ ይህ ምን ይፈይዳል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም መኪና የለኝም፤ የአስተማሪ ደመወዝ ለመኪና አይደርስም። ይሁን እንጂ በቤታችን አንድ ሾፌር አለ። ሾፌር፣ ባለ ባጃጅ ወይም መካኒክ ያለበት ቤት ደግሞ ከጓዳው ወይም ከበረንዳው ጥግ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ጠርሙስ ወይም አንድ ጣሳ አያጣም። ስለዚህ ጉዳዩ የሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቤት የሚድኸው ሕፃንም ጉዳይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አይሱዙ ይነዳል። ከደሴ ጭኖ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ሎጊያ ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ወንድሜ ማለዳ ጋቢ ተከናንቦ ይነሳና አፋር ሜዳ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። በግንቦትና በሰኔ የዚያ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በመቀመጫው ሥር የሚይዛቸው ጠርሙሶችም አብረውት በአንድ ቀን ብርዱንም ሐሩሩንም ያያሉ። የተረፈው ደግሞ ወደ ቤት ይመጣል።

ያ ምሽት

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን ወር ነው። ወንድሜ ለራዲያተር የሚጨመር ኩላንት በአምስት ሊትር ጀሪካን ገዝቶ ኖሮ፣ ከፊሉን ተጠቅሞ የቀረውን ቤት አስቀመጠው። የጀሪካኑ ክዳን ተሰንጥቆ ያንጠባጥብ ነበር። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ፈሳሹን «ሃይላንድ» በምንለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ገለበጥኩትና ጀሪካኑን ጣልኩት። ጠርሙሱንም ከበረንዳው ጥግ፣ ከውዱእ ማንቆርቆሪያው አጠገብ አቆምኩት። ቀለሙ ቀይ ነበር፤ ላየው ሰው ከሽሮፕ አይለይም።

ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ተምሩ ቀርቦ የመግሪብን አዛን ስንጠብቅ የወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ እኛን ለመኻደም ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ለአያቱ የሚጠጣ ሊያቀርብላት ፈልጎ ያንን ጠርሙስ ከበረንዳ አመጣና አንድ ብርጭቆ ሞላ። አዛኑ ተሰማ። እናቴ ቢስሚላህ ብላ ተምሯን ቀመሰችና ብርጭቆውን አነሳች። ወደ አፏ ስታስጠጋው ወንድሜ ቀለሙን አየ።

«ተዪው እማዬ! የመኪና ነው!» ብሎ ጮኸ።

ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ልጁ የጠፋው ነገር ሳይገባው ማልቀስ ጀመረ። ማንም አልተቆጣውም። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «አንተ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ምሽት ምግብ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ለመሆኑ እናቴ ብትጠጣው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አብዛኛው ኩላንት ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ አለበት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ ሽታውም እምብዛም አይታወቅም። ስለዚህ ምላስም አፍንጫም አያስጠነቅቁም። የጠጣው ሰው መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፤ ያስመልሰዋል። ከዚያ ሻል ያለው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በውስጥ ግን ኩላሊቱ እየተጎዳ ነው። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ሙቀትና ብርድ የሚሠሩት

«ነገር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል» እያልኩ ለስንት ዓመት በጠመኔ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ግን አላነበብኩትም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይበርዳል። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ቀን ሲሞቅ አየርና ትነት ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥብ አየር ይስባል። እንደሚተነፍስ ፍጥረት ማለት ነው።

በዚህ ይበልጥ የሚጎዳው የፍሬን ዘይት ነው፤ ከአየር እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለውና። ደረጃው ዶት 3 የሆነ አዲስ የፍሬን ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ መኪናው አልቆም ይላል። «ይቺ ትረፍ» ተብላ ክዳኗ ሳይጠብቅ ለወራት የከረመች ጠርሙስ የስንቱን ተሳፋሪ ነፍስ እንደያዘች አስቡት!

ቤንዚን ደግሞ ብርድ አያስተኛውም። ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ እየተሳበ ይሄዳል። እንግዲህ ጀሪካኑ ከጓዳ፣ የቡናው ከሰል ከሳሎን ቢሆንም እንኳ ትነቱ እሳቱ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ጀሪካኑን እስከ አፉ መሙላትም አይገባም፤ 20 ሊትር ቤንዚን በ25 ዲግሪ ሲሞቅ ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምራልና።

በጣሳ የታሸገ ስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁት የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት። ፀሐይ ላይ ቆሞ የተዘጋ ጋቢና ከውጪው ሙቀት በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል፤ በአፋር ሜዳ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ደምሩት። በውሃ የተበጠበጠ የመኪና ሻምፖና ሰም ደግሞ ውርጭ ሲመታው ይለያያል፤ ውሃው ለብቻ፣ ቅባቱ ለብቻ ከሆነ አይረባም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነው

ወንድሜ ወፍራም የእንጨት ሣጥን አሠርቶ ቁልፍ አበጀለት። ከመኝታና ከማድ ቤት ርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ነፋሻ የግድግዳ ጥግ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ሰቀልነው። ሕጋችንም ጥቂት ነው። ማንኛውም ፈሳሽ ከተገዛበት ዕቃ አይገለበጥም። ዕቃው ከተሰነጠቀ ፈሳሹን ቶሎ መጠቀም፣ ካልሆነም ለጋራዥ መስጠት እንጂ በመጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ የለም። የባትሪ አሲድና ቤንዚን ቤት አይገቡም። የፍሬን ዘይት በትንሹ ይገዛል፤ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበታል፤ ብዙ የቆየው አይጨመርም። የተበላሸውንም ቦይ ውስጥ አንደፋም፤ ጣፋጩን ኩላንት ፍየልም ውሻም ይልሰዋልና።

ወላጆች ሆይ! ምናልባት ልጅ ከነዚህ አንዱን ቢጠጣ በጣት አታስመልሱት። ቤንዚንና ናፍጣ ሲመለሱ ወደ ሳንባ ይገባሉ፤ አሲድም ሲመለስ ዳግም ያቃጥላል። «ወተት ይሽረዋል» ብላችሁም ሰዓት አታባክኑ። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፤ ልጁ ደህና ቢመስልም እንኳ አትዘግዩ። ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ካወቀ ነው ቶሎ የሚደርስለት።

እኔን ለስሕተት የዳረገኝ ተንኮል አልነበረም፤ ቁጠባ ነው። የተረፈን አለመጣል መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን የጥቂት ብር ኩላንት ለማትረፍ እናቴን ላጣ ነበር። ቤተሰብ አማና ነው፤ አማናም በጎ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ያ ልጅ ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችሏል። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ወረቀት ቆርጦ፣ «የመኪና ነው፤ አይጠጣም» ብሎ የሚለጥፈው እሱ ነው። ፊደሉ ገና ይንጋደዳል። ወንድሜ ግን ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእሱን ያምናል፤ እውነቱንም ነው።

አላህ ልጆቻችንንና ወላጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ጠንቃቆች ያድርገን። አሚን።