እግር ማጠብ የሚያውቅ አገር

ከሃምሳ ዓመት በፊት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የኢትዮጵያን ደጋ ገበያዎች እየዞረ የሰው እግር ይቆጥር ነበር። ሐኪም ሆኖ ሳለ በሽተኛ ፍለጋ ገበያ የወጣው ወዶ አይደለም። እግራቸው ከጉልበት በታች ያበጠ ሰዎች ሆስፒታል አይመጡም። ገበያ ግን ጨው ለመግዛትም፣ ጤፍ ለመሸጥም ሁሉም ይመጣል። ፕራይስ ቁጥሩን ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲያስተያይ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ የሸክላ አፈር ተከትሎ እንደሚሄድ አየ። ለእግርና ለአቧራ ከሚነገሩ የግሪክ ቃላት አጣምሮም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። የአገሬው ሰው ግን ቀድሞ ስም አውጥቶለታል፦ ዝሆኔ።

የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያርፍባት ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ እስከ ደብረ ማርቆስ በሉማሜና በአምበር በኩል የሚዘረጋው ሜዳ ጤፍና ስንዴ አብቃይ፣ ዝናብ ጠገብ ደጋ ነው። ዝሆኔ የሚወደው አየር ይኸው ነው፤ ከፍታ፣ ዝናብ፣ ሸክላ አፈርና ባዶ እግር። በቆላ ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን በትንኝም በሰውም አይተላለፍም። ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ያቆስላሉ፤ ቱቦዎቹ ሲዘጉ እግር ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ የተካሄደው ቆጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2011 ነው፤ ፕራይስ ገበያ ለገበያ ከዞረ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

መድኃኒቱን የሰማ ሰው ይገረማል። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ አስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይኼው ነው።

ይህ ደግሞ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። ዝሆኔ ያለበት ሰው እግሩ በድንገት እየጋለ፣ እያተኮሰው፣ ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ይነሣበታል። እንክብካቤውን ያልጀመሩት ሰዎች ላይ ይህ ሕመም በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ገደማ ተነሣ። የጀመሩት ላይ ወደ 19 ወረደ። በወር ሁለት ጊዜ የሚተኛ ገበሬ እርሻው ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከመተኛት መዳን በእርሻ ወቅት ሲመጣ የአንድ ማሳ ዕጣ ነው።

እንግዲህ ምክንያቱ ታውቋል፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ጥናቱም እዚያው አገር ላይ ተሠርቷል። ታዲያ በሽታው እስካሁን ምን ይሠራል?

የተለመደው መልስ ድህነትና የግንዛቤ ማነስ ነው። ድህነቱ እውነት ነው። ያበጠ እግር ገበያ ላይ ካለው ኮንጎ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ በልክ የተሠራ ሰፊ ጫማ ይፈልጋል። በየቀኑ መታጠቢያ ውኃ ደግሞ ከምንጭ በጀርባ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። "የግንዛቤ ማነስ" የሚለው ግን ቆም ተብሎ መታየት አለበት። የማን ግንዛቤ ነው ያነሰው?

በደጀን ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ አንዲት እናት ይታሰቡ። እግራቸውን በቀሚሳቸው ሸፍነው ከአግዳሚው ጥግ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ነርስ አሥር ሰው ይጠብቀዋል። "እማማ፣ ይሄ እርግማን አይደለም፣ በዘርም አይመጣም፤ ከአፈር ነው። ጫማ ያድርጉ፣ ይታጠቡ" ይላቸዋል። እሳቸውም "እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ" ብለው ይወጣሉ። ነርሱ ትምህርቱን ሰጥቻለሁ ብሎ ይመዘግባል። በጎጃም ግን "እሺ" ሁልጊዜ ተቀብያለሁ ማለት አይደለም። የተማረን ልጅ ፊት ለፊት አለመሟገትም "እሺ" ነው። እናቲቱ ልባቸው ያለው ሌላ ነገር ነው፦ እናቴም እግሯ እንዲህ ነበር፤ የወንድሜም እንዲሁ። ይህ ልጅ በዘር አይመጣም ሲል የእኛን ቤት አያውቅም።

ነገሩ የሚገርመው እናቲቱ ግማሹን እውነት መያዛቸው ነው። በወላይታ ተሠርቶ በ2007 የታተመ ጥናት የሕሙማን ወንድሞችና እህቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው በ5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ዘረመሎች መካከል አንዳንዶቹ ከዝሆኔ ጋር እንደተያያዙ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡ። አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለዚህ ነው። ያለ አፈሩ ግን ዘሩ ብቻውን ማንንም አያሳብጥም። የገጠሩ ሰው "በቤት ይወርዳል" ሲል ያየውን ነው የተናገረው። የተሳሳተው ከዚያ ባወጣው ፍርድ ላይ ነው፤ ከዚያ ቤት አትጋቡ፣ አብራችሁ አትብሉ፣ ልጁን ከልጆች ለዩ በሚለው።

ነርሱ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ሲክድ የሚታመነውን ነገር ከማይታመነው ጋር አብሮ ጣለው። እንዲህ ቢል ሌላ ነበር፦ "እማማ፣ እርስዎስ ከምን መጣ ይላሉ?" መልሱን ከሰማ በኋላም፦ "ልክ ነዎት፣ በቤት የሚወርድ ነገር አለው። የሚወርደው ግን በሽታው ራሱ ሳይሆን ለአፈሩ የሚሸነፍ ቆዳ ነው። ልጅዎ ከአሁኑ ጫማ ካደረገ እሱ ላይ አይደርስም።" ይህ ንግግር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። እናቲቱ ለራሳቸው ተስፋ ቢቆርጡ እንኳ ለልጃቸው ጫማ የሚገዙበት ምክንያት ይዘው ይወጣሉ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ተረቱ ሰው ለምን እንደሚደብቅ አይናገርም። ዝሆኔ ያለበት ሰው ከደበቀ ሴት ልጁ ባል ታገኛለች። ካልደበቀ ላታገኝ ትችላለች። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራን ሰው ግንዛቤ የለውም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጤና ባለሙያው በሽተኛውን ብቻ አስተምሮ ቢመለስ ሥራው ግማሽ ነው። የሚፈረደው በጎረቤት፣ በዕድርና በሰንበቴ ላይ ነውና መፍትሔውም እዚያ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ጎጃም ብዙ አገር የሌለው ሀብት አለው። የዝሆኔ መድኃኒት እግር ማጠብ ነው፤ እግር ማጠብ ደግሞ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሩቅ የመጣን እንግዳ እግሩን አጥቦ ማሳረፍ የቆየ ወግ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ዝቅ ብለው የምዕመናንን እግር ያጥባሉ። የሌላውን እግር ለመንካት ዝቅ ማለት ውርደት ሳይሆን ክብር መሆኑን በየዓመቱ ሕፃን ሽማግሌ ያያል። የጤና ትምህርቱ ግን "የእግር ንጽሕና አጠባበቅ" በሚል ርዕስ እንደ አዲስ ግኝት ይቀርባል። ካህኑ በዚያ ሐሙስ ማንም የማይነካውን ያበጠ እግር በሰው ሁሉ ፊት ቢያጥብ፣ አይተላለፍም የሚለውን ትምህርት አሥር ፖስተር ከሚያስረዳው በላይ ያስረዳል።

ጫማም እንዲሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ አክብሮት ነው። "ጫማዎን በጭራሽ አያውልቁ" የሚል ባለሙያ ሳያውቀው ከሃይማኖታቸው ጋር ያጣላቸዋል። "እስከ ደጀ ሰላሙ ያድርጉ፣ እዚያ ያውልቁ፣ ቤት ሲመለሱ ይታጠቡ" ቢል ግን ሁለቱም ይከበራሉ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ደብረ ማርቆስን ማዕከል ያደረገ የዝሆኔ ሕክምና ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲያካሂድ ቆይቷል። ከዚህ ርቆ በወላይታ፣ በሌላ ቋንቋና ፕሮቴስታንት በሚበዛበት ሕዝብ መካከል፣ የሞሲ ፉት ማኅበር ራሳቸው ታመው የተሻላቸውን ሰዎች አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲያክሙ አደረገ። በሽታው አንድ ነው፤ የመግቢያው በር ግን ይለያያል። በአንዱ አገር ካህኑ፣ በሌላው የዳነው ጎረቤት ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ከዚህ ቀደም በትልቅ ጉዳይ ላይ አይታዋለች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንጦጦን ወደመሰሉ የጠበል ቦታዎች የሄዱ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ማቆም የእምነታቸው ማረጋገጫ አድርገው ያዩት ነበር። ከሐኪሙ "ጠበሉን ተው"፣ ከአንዳንድ አጥማቂ ደግሞ "መድኃኒቱን ተው" የሚል ቃል የሚሰማ ሰው በሁለት እሳት መካከል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። ያን ቃል ማንም የጤና ሚኒስትር ሊተካው አይችልም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ባህል አይነካም ማለት አይደለም። መድኃኒት የሚያስጥል አጥማቂ ሰው ይገድላል። ያበጠን እግር በምላጭ መብጣት ለሌላ ቁስል በር ይከፍታል። በእግሯ ምክንያት አንዲትን ልጅ ከጋብቻ፣ ከማኅበርና ከትምህርት የሚያገልል ልማድ ወግ ስለሆነ ብቻ ክብር አይገባውም። ግን ይህን ልማድ ለመስበር ከማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ያን ድምፅ የሚያገኘው ደግሞ ቀድሞ የሰማ ባለሙያ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ የተመቸ ነበር። በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች፣ ያካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ። ችግሩ የሚያስተምሩት ነገር ከላይ ተዘጋጅቶ ለሁሉም በአንድ ልክ መምጣቱ ነው። ለባለሙያዋ ስንት ቤት እንዳስተማረች ሪፖርት ይጠየቃል፤ ስንት ቤት እንዳዳመጠች የሚጠይቃት የለም። በምሥራቅ ጎጃም ያለች ባለሙያ ከዕድር ዳኞች፣ ከካህናትና ከዳኑ ሕሙማን ጋር ቁጭ ብላ የራሷን ቀበሌ ትምህርት የምታሰናዳበት ጊዜና ሥልጣን ቢሰጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ አቅርቦት ማንሳት ዛሬ የበለጠ ትርጉም አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን መንገድ ደጋግሞ ዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው እንደ ፋሻና ቅባት ያለው፣ "አስቸኳይ" ያልተባለ ዕቃ ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት በሌለበት ቀን የሚቀረው እናቲቱ ቤት ያለው ውኃ፣ ሳሙናና ዕውቀት ብቻ ነው። ዕውቀቱ የነርሱ ብቻ ሆኖ ከቀረ ከነርሱ ጋር ይሄዳል። የራሳቸው ካደረጉት ግን መንገድ ቢዘጋም እዚያው አለ።

በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይ አንዳንድ አካባቢዎች ይህ በሽታ ድሮ ነበር ይባላል። ያጠፋው ክትባት አይደለም፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ስለጀመረ ጠፋ። በደጀን ዙሪያም ዘንድሮ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ጫማ አድርጎ ቢያድግ፣ እግሩን የሚያሳብጥ አፈር ከማሳው ሳይጠፋ፣ ዝሆኔ በአንድ ትውልድ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ልጁ ጫማ እንዲያደርግ የሚወስኑት ግን እናቱ ናቸው። ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ያሉት "እሺ" የልብ ይሁን የአፍ፣ ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው።