ሰዓትን ስለ ማወቅ

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ የሚኖሩ ልጆቼ አራፓሆ ቤዚን ወደሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ወሰዱኝ። ግርጌው እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 3,286 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፥ በረዶው ሌላ ዘንድ ቀልጦ ሳለ በዚያ ይቆያል።

ክረምታቸው ሲያልቅ በረዶው ቀን ይቀልጣል፤ ሌሊት ይረጋል። ስለዚህ ማለዳ እንደ መስተዋት ይጠነክራል፤ ቸኩሎ የወጣም ይወድቃል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ላዩን ስታለሰልሰው እንደ ጨው ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መንሸራተቱ እጅግ ደስ ያሰኛል። ከቀትር በኋላ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከገደላገደሉም ሊናድ ይችላል። ጠባቂዎቹም አደገኛውን መንገድ በገመድ ይዘጋሉ።

አንዳንድ ወጣቶች በገመዱ ፊት ቆመው፥ «ፀሐይዋ ገና ሳለች?» እያሉ አጉረመረሙ። የልጅ ልጄ ግን መንሸራተቻውን ፈትቶ ወደ እኔ መጣና፥ «አባባ፥ ደስ እንዳለኝ ልተወው» አለኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በረዶውን ረፋድ ላይ ያለሰለሰችውም፥ ከቀትር በኋላ የምትንደውም ያችው አንዲት ፀሐይ ናት። እንግዲህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲገጥምህ መልካምነቱን ብቻ አትመልከት፤ ሰዓቱንም ጠይቅ።