ቁልፉ የማን ነው?

እማዬ ስልኳን የምትሰጠው ለእህቴ ልጅ ነው። «ዓይኔ አያይልኝም፣ አንቺ ላኪልኝ» ትላታለች። ልጅቷ 10 ዓመቷ ነው። የእድሩን፣ የመብራቱን፣ የካርዱን የምትከፍለው እሷ ናት፤ የሚስጥር ቁጥሩንም በቃሏ ይዛዋለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ ጨዋ ነበር። «ሽልማት ደርሷችኋል። አሁን በመልእክት የሚመጣውን ቁጥር አንብቢልኝ የኔ ቆንጆ» አላት። አነበበችለት። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥሩን ጠየቃት። ነገረችው። 2,400 ብር ሄደ።

ማንም አልተቆጣትም። እሷ ግን ስልኩን መንካት አቆመች። «አንተ አይደለህ የኮምፒውተር ሰው? አስረዳት እንጂ» ተባልኩ።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ግን «ኢንክሪፕሽን ማለት…» ብዬ ስጀምር ልጅቷ በመስኮት ቁልቁል ማየት ጀመረች። ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ልጆች በወፍ ቋንቋ ይጯጯሃሉ።

«ትችያለሽ?»

«እንዴ! ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ ዘን መጨመር ነው። ቤት፣ ቤዜትዝ።»

«እማማ ይገባታል?»

«አይገባትም።»

«የጎረቤት ልጆችስ?»

«ሁሉም ይችላሉ» አለችና ዝም አለች። «ታዲያ ምኑ ነው ሚስጥር?»

ኬርክሆፍስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1883 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ዘዴውን ጠላት ቢያውቀውም ችግር የለም፣ ሚስጥር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊደል ገበታ አወጣንና ቁልፍ ሠራን። ቁልፋችን 3 ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቤት ወደ ታች ማውረድ። «ሰላም» «በሣስ» ሆነ። ሳቀች። ሌላ ቁልፍ መርጬ አንድ ቃል ስሰጣት ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሞክራ ሰበረችው። ፊደሉ 33 ስለሆነ ሊሞከር የሚችለው ቁልፍ 32 ብቻ ነው። ስልኮቻችን የሚጠቀሙባቸው ቁልፎች ግን በዓለም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ተሰብስቦ ቢሞክር ዕድሜ አይበቃውም።

«ቁልፉን ለጓደኛዬ እንዴት እሰጣታለሁ? በስልክ ብነግራት ይሰማል።»

ይሄ ጥያቄ ሊቃውንቱን እስከ 1976 እ.ኤ.አ. አስጨንቋል። ያኔ ዲፊና ሄልማን መላ አሳተሙ። ጓጉንቸሩን ከፍተሽ ላኪላት አልኳት፤ መክፈቻው አንቺ ጋ ይቅር። እሷ ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ ከትታ ትቆልፈዋለች። መቆለፍ ማንም ይችላል፣ መክፈት ግን አንቺ ብቻ። ዋትስአፕ ላይ ሳጥኑ ሁሌም እንዲህ ይቆለፋል። ቴሌግራም ላይ ግን «ሚስጥራዊ ውይይት» ካልከፈትሽ ድርጅቱም መክፈቻ አለው።

ትንሽ አሰበች። «ሌባው ግን ምንም አልሰበረም። ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት።»

ከዚህ በላይ የምጨምርላት አልነበረኝም። ጥፋቱም የሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። ሰጪ መክፈቻውን ሲይዝ ነው፤ እሷ ግን የያዘችው የሌላ ሰው መክፈቻ ነበር።

«እማማ ግን ቁልፍ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ትላለች።»

እማዬ እንዲህ የምትልበት ምክንያት አላት። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። የቀረቡት እዚሁ ሰፈራችን፣ ልደታ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሽብር ክሱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባል መመሪያ መሠልጠናቸው ነበር። መመሪያው ማንም ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምር ነው። ሐምሌ 2007 ላይ አምስቱ ክሳቸው ተቋረጠ፤ ጥቅምት 2008 ላይ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እማዬ በፍርድ ቤቱ በር ባለፈች ቁጥር ማታ «ኮምፒውተሩ ላይ ምን ትሠራለህ? ተው ልጄ» ትለኝ ነበር።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ቤታችንን ማታ የምንቆልፈው ሰርቀን ነው?» ብቻ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

እማዬ ቡና እየቆላች ስትሰማን ኖሯል። በነጋታው ባንክ ሄዳ የሚስጥር ቁጥሩን ቀየረች። የእድር ቀን ሲደርስ ስልኩን እንደ ድሮው ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ስሙንና ብሩን አስሞላቻትና መልሳ ተቀበለቻት። መነጽሯን ፈልጋ አጠለቀች።

«በይ አሁን ዙሪ» አለቻትና ቁጥሩን ራሷ አንድ በአንድ ጫነች።