ጥቁሯ አደራ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ሦስት ሆነን በምንኖርባት ኮንዶሚኒየም ግን አደራ የሚለካው በቅጠል ነው። አራት ነበሩ፤ አሁን ሁለት ቀርተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብራን ትኖር የነበረች ጓደኛችን ለሥራ ወደ ዱባይ ስትሄድ ልብሷን አከፋፈለችን፤ አንዲት አትክልቷን ግን «ስመለስ እወስዳታለሁ» ብላ አስጠበቀችን። አሎካሲያ ሬጂኑላ ትባላለች። ሬጂኑላ በላቲን «ትንሿ ንግሥት» ማለት ነው። እውነትም ንግሥት! ቅጠሏ የብር ክር የተጠለፈበት ጥቁር ከፋይ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን እጅግ የጠቆረ አረንጓዴ ነው። ከተማችን ውስጥ እንደ ልብ አትገኝም።

ከወላይታ የመጡት ጎረቤታችን ግን ገና እንዳዩዋት «ልጆቼ፣ ይሄማ ጎደሬ ነው!» ብለው አሳቁን። ለካ ብዙም አልተሳሳቱም! ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። እንደ ጥሬ ጎደሬም አፍና ጉሮሮ ታቃጥላለች፤ ስለዚህ ድመትና ሕፃን ያለበት ቤት ከፍ ብላ ትቀመጥ።

ታዲያ ንግሥቲቱ የቦርኒዮ ደሴት ልጅ ናት፤ የለመደችው ሙቀት፣ እርጥበትና የዛፍ ጥላ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ይከፋታል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10ም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ከመስኮቱ አንስተን ወደ ውስጥ እናስገባታለን። (ለራሳችን ብርድ ልብስ የምንደርበው ከዚያ በኋላ ነው።)

ቅጠሏ ጥቁር ስለሆነ ጨለማ ጥግ የሚስማማት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ ብዙ ብርሃን ትፈልጋለች፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን ያቃጥላታል። በስስ መጋረጃ የተጣራ ብርሃን ይበቃታል። አፈሯ ውሃ የማይቋጥር ይሁን፤ እኛ ጠጠርና የከሰል ስብርባሪ ቀላቅለንበታል። ከፋዩ ላይ አቧራ ሲያርፍ በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አንነካውም።

ትልቁ ጭቅጭቃችን ውሃ ነው። በፈረቃ ውሃ የሚመጣለት ሰፈር ልጆች ነን፤ ቧንቧው ጮኸ ማለት ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ሁሉ ይሞላል። አትክልቷንም «ነገ ላይመጣ ይችላል» ብሎ ማጠጣት ያምረናል። ሥሯን የሚገድለው ግን ይሄው ነው። ላይ ላዩ አፈር ሲደርቅ ብቻ ትጠጣለች፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ሁለተኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ አንዳችን «ማዳበሪያ እንጨምርላት» አለች፣ ሌላዋ «ውሃ ነው የጠማት» አለች። ሁለቱንም ተውነው። አሎካሲያ ብርድና የብርሃን እጥረት ሲበዛባት ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች። አፈሩ ሥር እንደ ጎደሬ ስንቋን የቋጠረችበት እብጠት አላት፤ ሙቀት ሲመለስ ከዚያ ታቆጠቁጣለች።

ጓደኛችን ግን ዓርብ ዓርብ ስትደውል «ልጄ እንዴት ናት?» ትላለች። ባለፈው ካሜራውን ወደ ሁለቱ ቅጠሎች አዞርነው። ዝም አለች። የሰው ቤት ሥራዋ፣ የዕረፍት ቀኗ ማነስ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ዝምታ ውስጥ ነበር። «ሁሉም ቢረግፍ እንኳ እንዳትጥሏት» አለችን በመጨረሻ።

አንጥላትም። የናንተም ቅጠሏን አራግፋ እንደሆነ ለቆሻሻ ከማውጣታችሁ በፊት አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እብጠቱን በጣት ጫን በሉት። ከለሰለሰ በስብሷል፤ ከጠነከረ ተኝታለች። የእኛዋ ጠንካራ ናት።

ቸር እንሰንብት!