ቀላል መሣሪያ

ባለፈው ክረምት ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራን ከጀርባዋ ተኩስ ሰማሁ። «ምንድን ነው እማዬ?» አልኳት። «ክላሽ ነው፣ ሩቅ ነው» አለችኝ፣ ዝናብ መጣ የምትል ያህል ተረጋግታ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወፈረ። «ይሄስ ዲሽቃ ነው፣ በል ቻው» ብላ ዘጋችው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ዜና ስፈልግ ያገኘሁት «የተኩስ ልውውጥ እንደነበር ነዋሪዎች ገለጹ» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «በቀላልና በከባድ መሣሪያ» የሚል ጨመረበት። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ዝም የሚል ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ዜናውም እንደዚያ ሆነብኝ።

የስም ድህነት እኮ የለብንም። ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ውጅግራን፣ ከኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽርን አውጥተናል። ዲሽቃም ውስጥ የሁለት ሶቪየት መሐንዲሶች፣ የዴግትያሬቭና የሽፓጊን፣ ስም መነሻ ፊደላት አሉ። ጥይቱ 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ የክላሹ 7.62። ወረቀት ላይ አምስት ሚሊሜትር ገደማ ልዩነት። እናቴ ቤት ግን ክላሽ ከሆነ ወለሉ ላይ መተኛት ነው፣ ዲሽቃ ከሆነ የጭቃውን ግድግዳ ትቶ በድንጋይ የተሠራችው ጓዳ መግባት።

«ቀላል» የሚለው ቃል ደግሞ ጉድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 1997 ባወጡት ክፍፍል ክላሽ «አነስተኛ» ይባላል፣ እንደ ዲሽቃ ያለው ከባድ መትረየስ ደግሞ «ቀላል»። መለኪያው ስንት ሰው ይዞት ይንቀሳቀሳል የሚለው ነው፤ የተመታው ሰው ምን ይሆናል የሚለው አይደለም። የኛ ዜና ደግሞ ዲሽቃን ከባድ፣ ክላሽን ቀላል ይላል።

ጋዜጠኛው ላይ ብቻ መፍረድ ይከብደኛል። ክላሽ በየቤቱ አለ፣ ዲሽቃ ግን የለም። ስሙን መጥራት ማን እንደተኮሰ ወደ መናገር ይጠጋል፣ ይሄን የሚደፍር ደግሞ ነገ እዚያው ከተማ ውስጥ መኖር አለበት። (እኔም የከተማዬን ስም አልጻፍኩም፣ ካስተዋላችሁ።)

ያን ቀን የጎረቤታችንን ልጅ በራቸው ላይ የመታው የክላሽ ጥይት ነው። 19 ዓመቱ ነበር። በዜናው ቋንቋ፣ ቀላል መሣሪያ።

አሁን ስደውል ከሰላምታ በፊት «ጸጥ ብሏል?» እላለሁ። «ዛሬ ምንም የለም ልጄ» ትለኛለች። ፍራሿን ግን እስካሁን ከጓዳ አላወጣችውም።