ስለ አዲስ ሶፋ ዋጋ ፤ በውርጌሳ መንገድ የታሰበ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ አስቀድሞ ውርጌሳን ያገኛል። ውርጌሳ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ፣ አውራ ጎዳናውን ይዛ የተሠራች ታናሽ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ቅጥር ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ አገሩ ዝቅ እያለ ወደ ቆላው ይወርዳል። እርሻው ጤፍና ማሽላ ነው፤ ወደ መርሳና ወደ ግራና ሲጠጉም ውሃው በመስኖ እየተጠለፈ ፍራፍሬ የሚለማበት ስፍራ ይገኛል።

በዚህ ጎዳና ላይ የሚመላለሰውን ጭነት የተመለከተ መንገደኛ ስለ አገሩ ኑሮ ብዙ ነገር ይማራል። እህል የጫነው፣ ቆርቆሮ የጫነው፣ ከብት የጫነው መኪና በተራ ያልፋል። ከእነዚህም መካከል በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ አዲስ ሶፋ በጭነቱ አናት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ይታያል። አንባብያን ሆይ፣ ስለ ጉዞ በሚጻፍ ነገር ውስጥ ስለ ሶፋ ማውራት ዋዛ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። በውርጌሳ ግን ነገሩ ዋዛ አይደለም፤ ምክንያቱንም ቀጥለን እንናገራለን።

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል አልፎ እስከ ደሴና እስከ ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። የሰሜን ወሎ ሕዝብ እጅግ ብዙው ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ በዚሁ ጎዳና ወደ ደቡብ ተሰደደ። በዚያው ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ከተሞቹ በመንግሥት እጅ ሲመለሱ ስደተኛውም ተመለሰ፤ ነገር ግን ከተመለሰው ብዙው ቤቱን ባዶ ሆኖ አገኘው። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ቤት የፈረሰበትና ዕቃ የጠፋበት ሰው ግን ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ብዙ ዘመን የሚቈይ የራሱ ሥራ አለበት፤ ይኸውም የጠፋውን አንድ በአንድ መተካት ነው።

የጠፋ ዕቃ የሚተካበት ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ምጣድና ድስት፣ ቀጥሎ ዘርና በሬ፣ ከዚያም ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ከዚያም ለተማሪው ልጅ ደብተርና ልብስ ይገዛል። ሶፋ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር ሶፋ በሚገባበት ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው፣ ባለቤቱ በዚህ ቤት ጸንቼ እኖራለሁ ብሎ ማሰቡ ነው፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሁለተኛው፣ ከዕለት ጉርስ ያለፈ ገንዘብ አግኝቶ ምን ያህሉን ለመቀመጫ ማውጣት እንደሚገባው መወሰን ያለበት መሆኑ ነው፤ ይህም ብዙ ማስተዋልን የሚጠይቅ ነው።

ሶፋ የሚለውን ስም ብዙዎች ከፈረንጅ አገር የመጣ አድርገው ይቈጥሩታል። ሥሩ ግን ዐረብኛ ነው። ሱፋ ማለት ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት መደብ ማለት ነው። ቱርኮች ከዐረቦች ወረሱት፤ ፈረንጆችም ከቱርኮች ተቀብለው ለባለ ስፖንጁ መቀመጫ ስም አደረጉት። እንግዲህ ቃሉን እንደ ጥንቱ ብንፈታው ሶፋ ማለት አያቶቻችን ከጭቃና ከድንጋይ ሠርተው አጎዛ ያነጠፉበት መደብ ማለት ነው። ዲቫን የሚባለውም መቀመጫ ታሪኩ እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የተገኘ ሆኖ አስቀድሞ መዝገብ ማለት ነበር፤ ቀጥሎ መዝገቡ የሚያዝበት የጸሐፊዎችና የሹማምንት ሸንጎ ተባለበት፤ በመጨረሻም ሹማምንቱ የሚቀመጡበት ረጅም መቀመጫ ስም ሆነ። እኛ በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች መዝገባችን ወደ መቀመጫነት መለወጡን ብንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

በአገራችን ቋንቋም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። አልጋ ማለት መኝታ ብቻ ሳይሆን ዙፋንም ስለ ሆነ፣ በነገሥታቱ ዘመን ዘውድ የሚወርሰው ልዑል አልጋ ወራሽ ይባል ነበር። ወንበር ማለት የፍርድ መቀመጫም ዳኛውም ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ወንበር ተከለ ሲባል መምህሩ ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማሩን ያመለክታል። እንግዲህ መቀመጫና ክብር በቋንቋችን ውስጥ ተያይዘው ስለሚኖሩ፣ ሰው ለመቀመጫ ከአቅሙ በላይ ቢያወጣ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ክብሩ ከተቀመጠው ሰውና ከሚሠራው ሥራ ወደ መቀመጫው ይወርዳል እንጂ ከመቀመጫው ወደ ሰውየው አይወጣም። ብልኅ መምህር በድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ጉባኤው አይጐድልበትም።

ወደ ውርጌሳ እንመለስ። አብሮኝ ይጓዝ የነበረው ባልንጀራዬ የአገሩ ተወላጅ ስለ ነበረ ለቡና ወደ ዘመዶቹ ቤት ይዞኝ ገባ። ቤቱ ታናሽና ንጹሕ ነው። በግድግዳው ሥር ፍራሽ ተዘርግቶ መከዳ ተደግፎበታል፤ በመሐል ሰሌን ተነጥፏል፤ በጥግ በኩል አንድ የጠፍር አልጋ አለ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ እስከ ሦስተኛው ድረስ ሲጠጣ ጎረቤቱ እየገባ በተገኘበት ተቀመጠ፤ ሥፍራ ጠበበን ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

የቤቱ እናት በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሴት ልጃቸው በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለእናቷ ሶፋ መግዣ ብላ ገንዘብ ልካ ነበርና፣ በዚያ ቀን የቤቱ ወሬ ስለዚሁ ነበር። ወንድ ልጃቸው የግድግዳውን ሁለት ገጽ ይዞ የሚዞረውን ትልቁን ሶፋ ከደሴ አስጭኖ ለማምጣት አስቧል። «እማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አስገብቶ እኛ ብንቀር ሰው ምን ይለናል?» ይላቸዋል።

እናቲቱም መለሱ፤ «ልጄ፣ ከስደት በተመለስን ጊዜ ይኸው ጎረቤት በባዶ ወለል ተቀምጦ ቡናችንን ሲጠጣ አልነበረምን? ያን ጊዜ ማን ምን አለን?»

እኔም፣ «እናቴ፣ እርስዎ ራስዎ ምን ያህል ቢወጣ ደስ ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሉ፤ «ጌታዬ፣ ልጄ በሰው አገር የሰው ሶፋ ስትጠርግ ትውላለች። እናቴ መሬት ተቀምጣ እኔ እንዴት ዕረፍት አገኛለሁ ብላ ላከችልኝ። ልመልሰው ብል ታዝንብኛለች። ነገር ግን የትልቁን ዋጋ ሲነግሩኝ ብሩን አልቈጠርሁም፤ የእሷን ወራት ቈጠርሁ። ከአንድ ዓመት ድካሟ ላይ ስንቱን ወር ልቀመጥበት?»

ከዚህ በኋላ በቤቱ ዝምታ ሆነ። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ነገሩ ተቈረጠ። ለሦስት ሰው የሚሆን፣ አጽሙ የዋንዛ እንጨት የሆነ ሶፋ በአካባቢው አናጢ እንዲሠራ፣ የቀረውም ገንዘብ ልጅቱ ስትመለስ መቋቋሚያ እንዲሆናት በስሟ በባንክ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ወንድሟም ይህን በሰማ ጊዜ ስለ ትልቁ ሶፋ ደግሞ አላነሣም።

ከዚህ ቤት የሰማነው ነገር በከተማም በገጠርም ላለ ባለ ትዳር ሁሉ የሚሆን ስለ መሰለን፣ የሒሳቡን ሥርዓት በአጭሩ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፣ መቀመጫው ለማን እንደሚገዛ ይታሰብ። ብዙ ሰው ሶፋ የሚገዛው በሠርግና በለቅሶ ቀን የሚመጣውን እንግዳ እያሰበ ነው። ለእንዲህ ያለው ቀን ግን ማንኛውም ሶፋ አይበቃም፤ ስለዚህም ነው ዕድር ድንኳንና ወንበር አዘጋጅቶ የሚጠብቀን። ሶፋ ዕለት ዕለት በቤቱ ለሚቀመጠውና በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ለሚመጣው ዘመድ ይገዛ። ለአንድ ሰው መቀመጫ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይበቃል፤ ለሦስት ሰው ሲሆን ክንዶቹን ጨምሮ ከሁለት ሜትር ጥቂት ያልፋል። ከመግዛትም በፊት የቤቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን የበሩን ወርድ መለካት ይገባል፤ በበር አልገባ ብሎ ደጅ የሚያድር ሶፋ መሳቂያ ያደርጋልና።

ሁለተኛ፣ ዋጋው በዘመኑ ይካፈል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሶፋ 30000 ብር ቢሆንና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 10000 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሁለተኛው 50000 ብር ቢሆንና 10 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 5000 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ርካሽ የመሰለው ውድ፣ ውድ የመሰለው ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ዕድሜውን የሚወስነው ደግሞ በዓይን የሚታየው ጨርቅ ሳይሆን ከጨርቁ ሥር ያለው እንጨትና ስፖንጅ ነው። ዋንዛ ምስጥን የሚቋቋም በመሆኑ በቆላና በወይና ደጋ የተመሰገነ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ሳይደርቅ የተሠራበት እንደ ሆነ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። የፊቱን አንድ እግር ጥቂት ከፍ አድርገው ሲያነሡት ሁለተኛው የፊት እግር አብሮ ቢነሣ አጽሙ የጸና ነው፤ መሬቱን ሳይለቅ ቢቀር ግን መጋጠሚያው ልል መሆኑን ያሳያል። ስፖንጁም በእጅ ተጭነው ሲለቁት ቶሎ የሚመለስ ይሁን። ጨርቁ ሲያረጅ በጥቂት ወጪ ይለወጣል፤ አጽም ግን አይለወጥም። አዋራ በሚበዛበት ጎዳና ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ ነጣ ያለ ጨርቅ መምረጥ ለራሱ የዕለት ሥራ መፍጠር ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ይታይ። እስከሚመጣው መኸር የሚበላው እህል፣ ዘሩ፣ የልጆቹ ትምህርትና የሕመም ቀን መጠባበቂያ ተለይተው ከተቀመጡ በኋላ ከሚተርፈው ገንዘብ ሢሶው ለመቀመጫ ቢውል፣ ሁለቱ እጅ ለሚመጣው ቀን ቢቀር መልካም ነው እንላለን። ይህ የማይበቃ ቢሆን ዕቁብ ገብቶ ተራን መጠበቅ ይሻላል። በአራጣ ተበድሮ ሶፋ መግዛት ግን ፈጽሞ የሚገባ አይደለም። በችሎት የዕዳ ክርክር ስንጽፍ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው አርጅቶ ከተጣለ በኋላም ዕዳው እንደ አዲስ ሆኖ ይኖራል። አባቶች ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ያሉት በእንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ይፈጸማል።

አራተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የእንጨቱ ዓይነት፣ የስፖንጁ ውፍረት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ቀብዱና ቀሪው ሒሳብ በግልጽ ተጽፎ ይፈረምበት። ከውርጌሳ በስተ ደቡብ ጥቂት ርቀት ላይ ያለችው ውጫሌ ለዚህ ምክር ታላቅ ምስክር ናት። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል ስለ ነበረ፣ የአንድ ቃል ልዩነት እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሷል። የሶፋ ውል ከዚህ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ የተጻፈውን አስተውሎ አንብቦ መፈረም ለታላቁም ለታናሹም ጉዳይ አንድ ሕግ ነው።

ይህን ስንል ሰው ሁሉ በመሬት ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። ሽማግሌ ጉልበቱ ሲደክም ዝቅ ካለ ፍራሽ ላይ ተነሥቶ መቆም ይቸግረዋል፤ አራስ ወገቧን የምታሳርፍበት ያሻታል፤ ከሥራ የደከመ ሰውም ጀርባውን የሚደግፍበት ቢያገኝ ተገቢ ነው። በተለይም በ2014 ዓ.ም. ሁሉን አጥቶ እንደ አዲስ ቤት ያቆመ ሰው፣ መልካም መቀመጫ አስገብቶ ዕረፍት ቢያደርግ ማንም አይነቅፈውም። የምንለው እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የሚለው የአባቶች ምክር በሶፋ ዋጋ ላይም ይሠራል ነው። ባለ ትዳር ሰው የሶፋ ዋጋ ሲነገረው እንደ ውርጌሳዋ እናት ገንዘቡ የማን ድካም እንደ ሆነ፣ የስንት ወርም ድካም እንደ ሆነ አስቀድሞ ይቍጠር። ይህን ቈጥሮ የገዛው መቀመጫ ትንሽም ቢሆን ለቤተ ሰቡ የልብ ዕረፍት ይሆናል።