«መብራት ነው» አልን

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 5፥1-11

ይህን የምንጽፈው ሦስት ሆነን ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው በአምበር፣ ኪራይ ቤት ውስጥ በምትሰበሰብ ትንሽ ኅብረት «የሚዲያ ክፍል» ተብለን እናገለግላለን። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ያለን አንድ ካሜራ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ታሪኩ የዚያ ኮምፒውተር ነው። ለሽማግሌዎቻችንና ለኅብረቱ ከነገርነው በኋላ፣ በእነርሱ ፈቃድ ነው እዚህ የምናወጣው።

ኮምፒውተሩ ሁለተኛ እጅ ነበር የተገዛው፣ በኅብረቱ መዋጮ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር ቱ ዱዎ ኢ4300 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለ፣ ፍጥነቱ 1.8 ጊጋኸርዝ የሆነ። መዝሙር ለመጻፍ፣ ደብዳቤ ለማተም ምንም አይለውም። ቪዲዮ ሲሆን ግን ያቃስታል። የእሑዱን ስብከት አቀናብረን «ሬንደር» ካልነው ከምሽት እስከ ንጋት ይወስዳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ በማግስቱ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ስብከቱን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ከመካከላችን ልጆቻቸው አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ እነዚያ ልጆች እሑድ ወጥተው የሚሰበሰቡበት ቦታ ስለሌላቸው፣ ማታ ሥራ ጨርሰው በስልካቸው ነው የሚያዳምጡት። «የእሑዱ ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰኞ ጠዋት ይጀምራል። ስለዚህ ፍጥነት መፈለጋችን ለትዕቢት ብቻ ነበር ብለን ራሳችንን አንወቅስም። ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር።

ከሦስታችን አንዱ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ነው። ፕሮሰሰር ከተጻፈለት ፍጥነት በላይ ሊሠራ እንደሚችል፣ ይህም ኦቨርክሎክ እንደሚባል የነገረን እርሱ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ የሚባለው ርካሽ ፕሮሰሰር አንዲት ንክኪው በፕላስተር ተሸፍና ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ይወጣ ነበር። ጥቂት ቆይቶም የኤኤምዲ አትሎንና ዱሮን ፕሮሰሰሮችን፣ በላያቸው ያሉትን ጥቃቅን ነጥቦች በእርሳስ አስምረው የሚያገናኙ ሰዎች ነበሩ፤ እርሳሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋላ! በእኛ ኮምፒውተር ባዮስ ውስጥ ግን ፍጥነትና ቮልቴጅ የሚቀየርበት ቦታ አልነበረም። የቀረው መንገድ ፕሮሰሰሩን ነቅሎ ሆዱን መንካት ነው።

እዚህ ላይ አሠራሩን ትንሽ ብንዘረዝር ታገሡን፤ በኋላ ያስጨነቀን ይኸው አሠራር ነውና። የዚህ ፕሮሰሰር ሆድ 775 ጥቃቅን የንክኪ ነጥቦች አሉት። አብዛኞቹ ኃይልና መረጃ የሚያልፍባቸው ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ሥራቸው መናገር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሦስቱ ለማዘርቦርዱ «እኔ በዚህ ፍጥነት እንድሠራ የተሠራሁ ነኝ» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «የሚበቃኝ ቮልቴጅ ይህን ያህል ነው» ይላሉ። ማዘርቦርዱ አይመረምርም፤ ያመናል፤ እንደተነገረውም ይሰጣል። የእኛው ኢ4300 200 ሜጋኸርዝ ይጠይቅና በ9 አባዝቶ 1800 ያደርገዋል። ከሦስቱ ነጥቦች አንዷን አጠገቧ ካለው የመሬት ነጥብ ጋር ብታገናኟት ግን ንግግሩ ይለወጥና 266 ይጠይቃል፤ 9 ጊዜ 266 ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። በዚያ ፍጥነት ጸንቶ እንዲቆም ደግሞ ከቮልቴጅ ነጥቦቹ አንዷን እንደዚያው አድርገን ከ1.3 ወደ 1.4 ቮልት እንዲጠይቅ አደረግነው።

ያደረግነው በአንድ ቅዳሜ ማታ ነው። የመኪና የኋላ መስታወት ማሞቂያ መስመር የሚጠገንበትን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቀለም በመርፌ ጫፍ እየነከርን፣ አንዱ የስልክ መብራት ይዞ፣ ሌላው ትንፋሹን ውጦ። ሲበራና 2.4 የሚለው ቁጥር ሲወጣ ተቃቀፍን። ሌሊቱን ሙሉ ይወስድ የነበረው ሥራ ገና ሳይነጋ አለቀ። በማግስቱ በምስክርነት ሰዓት ተነሥተን «ጌታ ኮምፒውተራችንን ፈጣን አደረገልን» አልን። ሕዝቡም እልል አለ። ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ሽማግሌዎችን ብናስፈቅድ «ይቅር» ይሉ ይሆናል ብለን አስቀድመን ተማክረን ነበር፤ ሳንጠይቅ የቀረነው ለዚህ ነው።

ክረምቱን በደኅና አለፈ። የአምበር ክረምት ያለ ጋቢ አያስቀምጥም፤ ኮምፒውተሩም ብርዱን ወደደው። የበጋው ሙቀት ሲመጣ ግን ሥራ መሐል ድንገት ጠፍቶ መነሣት ጀመረ። ምክንያቱ በሒሳብ የሚታወቅ ነው። ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር ነው የሚጨምረው። የእኛ ጭማሪ ሁለቱ ተባዝተው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። 65 ዋት እንዲያበርድ የተሠራ ማቀዝቀዣ ወደ 100 ዋት ተሸከመ ማለት ነው። በዚያ ላይ ደጋ ነን። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአምስት እጅ አንድ ያህል ስለሚሳሳ ፋን ቢሽከረከርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። የጎን ክዳኑን አውልቀን የጠረጴዛ ቬንትሌተር ደቀንበት። ለጥቂት ሳምንት ረዳው።

ያን ሰሞን አንድ ሽማግሌ «ምን ሆኖ ነው የሚጠፋው?» ብለው ጠየቁን።

«መብራት ነው ጋሼ፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ነው» አልናቸው።

ማን ይጠራጠራል? በእኛ አካባቢ መብራት ተወቅሶ የሚከራከር ሰው የለም። ውሸቱን ማን ቀድሞ እንዳለው እስከ ዛሬ አንስማማም፤ ሁለታችን ዝም ያልን መሆናችን ግን የታወቀ ነው፤ ዝምታውም ያው ውሸቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ያንኑ መልስ ደገምነው። እየቆየ እኛም ግማሽ በግማሽ አመንነው።

ሽማግሌዎቹ ግን አምነው ዝም አላሉም። በአንድ እሑድ ለኮምፒውተሩ ስታቢላይዘር እንዲገዛ መዋጮ ተጠየቀ። ያን ቀን እኛ ከኋላ ካሜራው አጠገብ ቆመናል። ልጃቸው ቤይሩት ያለች አንዲት እናት አሉ፤ እዚህ እማማ እንላቸዋለን። በሚቀጥለው እሑድ ከመቀነታቸው ፈትተው የታጠፈ ብር አወጡና በእጃችን ሰጡን። ለሰብሳቢው ሳይሆን ለእኛ። «ዶሮዬን ሸጬ ነው፤ መብራቱ ልጄን እንዳያስጠብቃት» አሉ። ተቀበልን። «ጌታ ይባርክዎ» ብለን ተቀበልን።

በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሩ አንዴ ጠፍቶ አልነሣ አለ። ደብረ ማርቆስ ይዘነው ሄድን። ጠጋኙ ከፍቶ ማዘርቦርዱን አየና ፕሮሰሰሩ አጠገብ የተደረደሩትን ካፓሲተሮች በጣቱ አሳየን፤ አናታቸው እንደ ተነፋ ዳቦ አብጦ፣ ሁለቱ ፈንድተው ፈሳሽ አውጥተዋል። ለፕሮሰሰሩ ቮልቴጁን የሚያደርሰው ክፍል ሸክሙን አልቻለም። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ነቀለና ገለበጠው። ጥቂት ዝም አለ። «ይህን ማነው የቀባው?» አለ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ መሆኑን ነግረነው ነበርና፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ሲመጣ መልሱ ከበደን። ለእርሱ ግን እውነቱን ነገርነው። ለማያውቀን ሰው መናዘዝ እንዴት ቀላል ነው!

ወደ አምበር ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተጣላን። አንዳችን «ካፓሲተር በመብራትም ይፈነዳል፤ ጠጋኙ ይቀይርልን፣ ቀለሙን እናጥፋ፣ ያበቃል» አለ። ሐሰት አልነበረም፤ በመብራትም ይፈነዳል። ሌላው «የእማማን ብርስ?» አለ። ዝም ተባለ።

ሐናንያና ሰጲራን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ያን ማታ ምዕራፉን ስናነብ ያስደነገጠን ሞታቸው አልነበረም፤ ጴጥሮስ መሬቱም ገንዘቡም በእጃቸው እንደነበረ ማስታወሱ ነው። ሽጡ ያላቸው የለም። ግማሹን አስቀርተው «ግማሽ ነው» ቢሉ ማንም አይነካቸውም ነበር። እኛንም 2.4 አምጡ ያለን የለም። በ1.8 ማክሰኞ ማድረስ እንችል ነበር፤ እኛ ግን ሰኞ አድራሾች ተብለን መታየት ፈለግን። ፕሮሰሰሩን ያልሆነውን ነኝ እንዲል ስናደርገው እኛም ያንኑ እያልን ነበር። ኦቨርክሎክ ማድረግ ኃጢአት ነው አንልም፤ በገዛ ኮምፒውተሩ፣ ማቀዝቀዣውን አሻሽሎ፣ ጉዳቱን አውቆ የሚሠራ ሰው ይሥራ። ያ ኮምፒውተር ግን የእኛ አልነበረም።

ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ተናገርን። ጠፍቶ ሲነሣ የነበረው በመብራት እንዳልሆነ፣ ቀለሙን፣ ሳናስፈቅድ መሥራታችንን፣ በምስክርነት ሰዓት ጌታን የራሳችን ሥራ መሸፈኛ ማድረጋችንን። ሽማግሌዎቹ ለሦስት ወር ከመድረክ አገልግሎት እንድናርፍና የጥገናውን ወጪ ከኪሳችን እንድንከፍል ወሰኑ። የስታቢላይዘሩ መዋጮ ለሰጪዎቹ እንዲመለስ ተባለ፤ ብዙዎች «ይሁን፣ ይገዛበት» አሉ።

እማማ ግን ብራቸውን ተቀበሉ። እኛ «የሰጠሁት ለጌታ ነው» ብለው እንደሚመልሱልን፣ በዚያም ልባችን ቀለል እንደሚል አስበን ነበር። ቆጠሩት፤ ወደ መቀነታቸው መለሱት። «ይቅር ብያችኋለሁ ልጆቼ» አሉ፤ ቀጥለውም «ዶሮዋ ግን ጥሩ ጣይ ነበረች» አሉ።

ካፓሲተሮቹ ተቀይረዋል። ቀለሙን በአልኮል ጠርገን አነሣነው፤ ኮምፒውተሩም በ1.8 ይሠራል። ስብከቱ ማክሰኞ ይደርሳል፤ መብራት ከጠፋ ረቡዕ። መብራት ሲጠፋ አሁንም «መብራት ነው» እንላለን፤ አንዳንዱ ሰው ትክ ብሎ ያየናል፤ እውነቱን ነው። ለእማማ ከሦስታችን ኪስ ቄብ ዶሮ ገዝተንላቸዋል። እስካሁን እንቁላል አልጣለችም።